ያልተቧጠጠው አሸዋ

ጥር 4፣ ሰኞ

ለመሆኑ ጨረቃ ላይ መኪና ምን ያደርጋል?

ዛሬም እማዬ ጠየቀችኝ። ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። "ተሳፋሪ የለ፣ መንገድ የለ… ማንን ልታደርስ ነው?" ላስረዳት ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ሻዩ ገነፈለና ተገላገልኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም አጥጋቢ መልስ የለኝም። ስድስት የግል ቡድኖች ነን። ቀድሞ ጨረቃ ላይ ያረፈና አምስት መቶ ሜትር የነዳ ያሸንፋል። ለምን? እንጃ። ብቻ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ዘልዬ ነው የምነሳው።

የእኔ ሥራ ግን አሸዋ ነው። ከተመረቅኩ ሰባት ወር ሆነኝ፣ እዚህ ከገባሁ አራት። የመሞከሪያው ሳጥን መኝታ ቤቴን ያክላል፤ የጨረቃን አፈር እንዲመስል ድንጋይ ተፈጭቶ ተሞልቶበታል። መኪናችን ከጉዞ ሻንጣ አትበልጥም፣ ኤሊዋ እንላታለን። አንድ ጊዜ ከሄደችበት አሸዋው ይጠቀጠቃል፣ ለቀጣዩ ሙከራ ይቀላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ በባለጥርስ መቧጠጫ እስከ ታች ድረስ አላላዋለሁ።

"ገበሬዋ፣ ዘንድሮ ምርቱ እንዴት ነው?" ይለኛል የኤሊዋን ካሜራ የሚሠራው ባለካሜራው፣ በየጠዋቱ።

"ድንጋዩ ጥሩ ይዟል" እለዋለሁ።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ጎማ እንላለን እንጂ ስስ ብረት ነው፣ ዙሪያውን ጥርስ ያለው። የሠሩት ጋሼ ቶርኖ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቺ ብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ስለቆሙ ስሟ ስማቸው ሆኗል። የሳቸው ጎማ ጥርሱ ረጅም፣ ክብደቱም ከበድ ያለ።

እኔ በትርፍ ሰዓቴ አጭርና ሰያፍ ጥርስ ያለው ጎማ ሥዬ ለአለቃችን አሳየኋት። ወረቀቱን አዟዟረችው። ከዚያ "ይሠራና ይሞከር" አለች። ከአራቱ ጎማዎች በድምሩ አራት መቶ ግራም ይቀንሳል። አንድ ግራም ለመቀነስ ሳምንት የሚጨቃጨቁ ሰዎች ናቸው እኮ!

የቀረጹልኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው። "ጥርሷ አጠረ፣ ትሰምጣለች" አሉ። ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አዩዋት። "ግን ቆንጆ ናት።"

ጥር 11፣ ሰኞ

ተሳካ።

ሳጥኑን ሃያ ዲግሪ አዘነበልነው። መጀመሪያ የጋሼ ጎማ። ኤሊዋ እያቃሰተች፣ እየተንሸራተተች ወጣች። ቀጥሎ የእኔ። ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ነው የወጣችው። አለቃችን እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ጨረቃ የሚሄደው የእኔ ጎማ ነው። በተረፈው ክብደት ለባለካሜራው ሁለተኛ ካሜራ ተፈቀደለት። ስምንት ወር የለፋበት ካሜራ… አቅፎ ከመሬት አነሳኝ።

ደስ ብሎኛል። በጣም። ታዲያ ለምን ምግብ አልበላ አለኝ?

ጥር 12፣ ማክሰኞ

በሁለቱ ሙከራዎች መካከል አሸዋውን አልቧጠጥኩም። ረሳሁ። አለቃችን ስልክ ላይ ነበረች፣ ጎማ መቀየሩ ጊዜ ወሰደ፣ ሁሉም ይጣደፍ ነበር… ረሳሁ። ሰው ይረሳል አይደል?

ጥር 14፣ ሐሙስ

ጋሼ ወደ ሳጥኑ መጡ። የብረት ውፍረት መለኪያቸውን፣ ካሊፐራቸውን፣ በቆዳ ከረጢቱ እንዳለ ዘረጉልኝ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የለኩበት።

"ጋሼ፣ ኧረ አይሆንም…"

"ተቀበይ። ትሰምጣለች ብዬሽ አልነበር? ወጣች። ከእንግዲህ ዓይኔን አላምነውም። አንቺ ለኪበት።"

ተቀበልኩ። እጄ እንዴት እሺ አለኝ?

የሳቸው ጎማ የዕቃ ክፍሉን በር ደግፎ ይዟል። ማን እዚያ አኖረው ብዬ ብጠይቅ፣ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ተባልኩ። ስወጣ ዘልዬው አለፍኩ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

እማዬ ያልነገረችው ሰው የለም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ከነመቀሷ ደጅ ወጥታ አስቆመችኝ።

"የጨረቃዋን ጎማ የሠራሽው አንቺ ነሽ አሉ?"

"አዎ።"

"አሸዋ ነው ይላሉ እዚያ። አይሰምጥም?"

ሳቅኩ። ምን ያሳቃል?

ጥር 18፣ ሰኞ

አልረሳሁም።

መቧጠጫው እጄ ላይ ነበር። የጋሼ ጎማ ዱካ ፊቴ ነበር፣ ጥቅጥቅ ያሉ ሁለት መስመሮች። አየኋቸው። ማንም አያየኝም ነበር። መቧጠጫውን ግድግዳ ላይ አስደገፍኩና "ዝግጁ ነው" አልኩ። የሳቸው ጎማ ባልተረገጠ አሸዋ ላይ ታግሎ ወጣ። የእኔ እሳቸው በጠረጉለት መንገድ ሄደ።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ዋሽቼ ነበር። ለማን ነው የዋሸሁት? የሚያነበው እኔ ብቻ…

ጎማዎቹ በ25 ታሽገው ይላካሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካቸውም። ኤሊዋ እዚያ ሄዳ ብትሰምጥ ገፋ የሚያደርጋት እጅ የለም።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። አሸዋውን እስከ ታች አላልቼ የእኔን ጎማ ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ እየቧጠጥኩ። ሦስቱንም ጊዜ ግማሽ ላይ ቆመች። ጎማዋ ይሽከረከራል፣ ትቆፍራለች፣ ሆዷ አሸዋ እስኪነካ። በስልኬ ቀረጽኩት። የበር ድምፅ ስሰማ ቪዲዮውን ሰረዝኩት።

ከዚያ ዱካው እንዳይታይ ቧጠጥኩት። በደንብ አድርጌ። ለዚህ ሲሆን አልረሳሁም።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ነገርኳቸው። ማሽኑን እስኪያጠፉ ቆሜ ጠበቅኩ።

"ጋሼ፣ የሙከራው ቀን በመሃል አሸዋውን አልቧጠጥኩም።"

"ረስተሽ?"

አዎ ብል እዚያው ያልቅ ነበር። ይቅር ሊሉኝ እንደተዘጋጁ ፊታቸው ላይ አየሁት።

"አልረሳሁም።"

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ጣት በጣት። አልቸኮሉም።

"ካሊፐሬን" አሉ።

ሰጠኋቸው።

"አሥር ቀን ሙሉ ዓይኔ ጠፋ ብዬ ነበር" አሉ፣ ከረጢቱን እየዘጉ። "የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ። ባለቤቴ በል ጡረታህን ጠይቅ እያለችኝ…" ቀሪውን ተዉት። "ወደ አለቃሽ ሂጂ። እኔ አልሄድልሽም፣ አብሬሽም አልሄድም።"

ሄድኩ።

ጥር 22፣ ዓርብ

ሁሉም ፊት ሙከራው ተደገመ። እኔ ስቧጥጥ አለቃችን እጇን አጣምራ ከጎኔ ቆመች። የእኔ ጎማ ሰመጠ። እንደገና ቧጠጥኩ። የጋሼ እያቃሰተ ወጣ። ማንም አላጨበጨበም። ጋሼም ወደ ማሽናቸው ተመለሱ።

ባለካሜራው ሁለተኛ ካሜራውን ራሱ ፈታው። አራት ብሎን። አንድ በአንድ ቆርቆሮ ሳህን ላይ ሲጥላቸው ቆጠርኩ። ስለ ምርቱ አልጠየቀኝም።

አለቃችን ክፍሏ ጠራችኝ። "ጎማሽ ስለሰመጠ አይደለም። የሰመጠ ጎማ ይታረማል። ነገ 'ዝግጁ ነው' ስትዪኝ ምን ልስማ?"

ታባርረኛለች ብዬ ነበር፤ ብታባርረኝ ይቀለኝ ነበር መሰለኝ። ከእንግዲህ ብቻዬን አሸዋ አልነካም። ስቧጥጥ አንድ ሰው ቆሞ አይቶ ይፈርማል። ሰውየውን ለምኜ የማመጣው እኔ ነኝ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት።

"እንግዲህ ሥራሽ አሸዋ መቧጠጥ ነበር?"

"አዎ።"

"መቧጠጥ ምን ይከብዳል ልጄ?"

ምንም። ምንም አይከብድም።

"ለልብስ ሰፊዋ አንቺው ንገሪያት። እኔ አልችልም" አለች።

ጥር 25፣ ሰኞ

የጋሼ ጎማዎች ታሸጉ። የዕቃ ክፍሉ በር መደገፊያ ስላጣ እየተዘጋ አስቸገረ። የእኔን አመጣሁለት።

ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳት። "ሰመጠ በይኛ" አለች፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል።

ጥር 27፣ ረቡዕ

ትናንት አለቃችን ቆመችልኝ፣ ዛሬ የጥበቃው ሰውዬ። ሰውየው ማየት ያለበትን ሳስረዳው "አንቺ ስታጭበረብሪ እንዴት ነው የማውቀው?" አለኝ። ስቆ አይደለም፣ ከልቡ ነው። መቧጠጫው ታች ያለውን ጣውላ ሲነካ የሚሰማውን ድምፅ አሰማሁት። ካልሰማኸው አትፈርም አልኩት። መጨረሻ ላይ አንድ ጥግ አሳየኝ፤ "እዚያ ጋ አልሰማሁም።" ተመልሼ ቧጠጥኩ። ልክ ነበር።

ለነገ ግን ሰው የለኝም። ባለካሜራውን ልጠይቀው ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ። ጋሼን… ጭራሽ። በመጨረሻ ሁሉም የሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። እንዲህ ይላል፦

"ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት አሸዋ እቧጥጣለሁ። ቆሞ የሚያየኝ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። ሃያ ደቂቃ ነው። አቧራው ያስነጥሳል፣ የአፍ መሸፈኛ እኔ አመጣለሁ። ያላማራችሁ ነገር ካለ አስቁሙኝ። የምትመጡ እባካችሁ ከዚህ በታች ስማችሁን ጻፉልኝ።"