የአባትሽ ጣት

ውድ ልጄ ሱኒቫ፣

እንዴት ከርመሻል? የትሮምሶ ብርድ አልጠናባችሁም? እኛ እዚህ ናምሶስ ደህና ነን። ጀልባዋን ከድነናታል፤ በረዶው ደጃፋችን ደርሷል።

አባትሽም ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል። የሹራቡን ቁልፍ አዛንፎ ይቆልፋል፤ እሱን ደግሞ ማን ያየዋል? ቆይ፣ በር የተንኳኳ መሰለኝ። ማንም የለም።

መቼም ገበታ ላይ ስንቱን ቃል እንዳስደገመን አትረሺውም። አርባ ዓመት ቋንቋችንን ያስተማረ ሰው! ከሁለት ቃል የተገጠመ ስም በጠራን ቁጥር በጣቱ ጠረጴዛውን ይመታ ነበር፤ ለፊተኛው ጠንከር፣ ለኋለኛው ለስለስ አድርጎ። "የድምፁ ክብደት ከፊት ነው! መገጣጠሚያውን አትርገጡብኝ!" እንግዳም አይምርም። ጎረቤታችን ኦድሩን "እዚህ ቤት ቡና የምጠጣው ተፈትኜ ነው" ትል የለ?

ማክሰኞ ቁርስ ላይ ቡናማውን አይብ እንዲያቀብለኝ ጠየቅሁት። "ብሩን-ኡስት" ማለት ሲገባኝ፣ ሆን ብዬ መገጣጠሚያውን ዋጥኩና ክብደቱን ኋላ ጥዬ "ብሩ-ኑስት" አልኩት። ዓይኔ ጣቱ ላይ ነበር። ጣቱ አልተነሳም። "እንቺ" ብሎ አቀበለኝ። ረቡዕም ሞከርኩት። ሐሙስም።

ፋሲካን ከምትጠብቂ አሁን ብቅ ብትዪ ደስ ይለዋል፤ እኔ ነኝ የጠራሁሽ እንዳትዪው ብቻ። ስትመጪ ገበታ ላይ አንድ ቃል አበላሺለት። ምናልባት የሰለቸው እኔን ማረም ይሆናል።

ባልሽንና ልጆቹን ሳሚልኝ፤ በጤና ያገናኘን።

እናትሽ ቶርቢዮርግ