የእማዋይሽ ዐሥራ ስምንት በሬዎች

ይድረስ ለክቡር የእርሻ ግብር ግምት ጉባኤ ሰብሳቢ፣

እርስዎን ከነቤተሰብዎ፣ በቅሎዎንም ከነኮርቻዋ እግዚአብሔር በጤና ይጠብቅልን እያልሁ፣ እጅ በመንሣት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው መንገድ ማዶ፣ በዝግባ አምባ ደብር ቅኔ የማስተምርና አርሼ የምበላ መሪጌታ ዓለምብርሃን ነኝ። የማቀርበው ምስጋና ነውና ሕዝቡም እንዲካፈለው ግልባጩን በገበያው ዋርካ ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩ኛ፦ ዐሥራቱ ቀርቶ ገበሬው በገቢው ልክ ይገብር የሚለው አዲስ አዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ ገማቾችዎ ከበቅሎ ሳይወርዱ የሰውን ኑሮ ማወቃቸው እጅግ አስደንቆናል። እኛ የጎረቤታችንን ጎተራ ለማወቅ ሠላሳ ዓመትም አልበቃን።

፪ኛ፦ በጥር ወር፣ ባሏ ለሞተባት ጎረቤቴ ለወይዘሮ እማዋይሽ የጤፍ ውቂያ ደቦ ጠራሁላት። ያን ጊዜ የነበራት አንድ በሬ ብቻ ነው፤ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር እየተቀናጀች ታሳርስ ነበር። በዚያ ቀን ግን አገሩ ሁሉ በሬውን እየነዳ መጥቶላት ዐሥራ ስምንት በሬ አውድማዋን ሲዞር ገማቾችዎ ደረሱና፣ «እነዚህ በሬዎች የማን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። በእኛ ዘንድ በሰው አውድማ ላይ ቆሞ «ይሄ የኔ ነው» ማለት ነውር ስለሆነ፣ «የባለ አውድማዋ ናቸው» አልሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወዲያው ጻፉት። አንዲትን ምስኪን በአንድ ጀምበር ከበርቴ ስላደረጋችሁልን እናመሰግናለን።

፫ኛ፦ ይግባኝ ብላ በእግሯ ፍኖተ ሰላም ድረስ ስትመጣ ጉባኤዎ በትዕግሥት ሰምቷት፣ የበሬዎቹ ባለቤቶች ቀርበው ይመስክሩ ብሎ ወስኗል። ውሳኔው ትክክል ነበር። እዚህ ላይ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ የማሾፍበት ሰው አለቀብኝ። ከዐሥራ ስምንቱ አራቱ የእኔ ነበሩ፤ በመዝገብዎ ያስጻፍሁት ሁለት ነው። ብመሰክር ግብሬ እጥፍ ይሆንብኝ ነበር። ልትጠራኝ ስትመጣ ማኅሌት አለብኝ አልኋት፤ ዕለቱ ማኅሌት እንዳልነበረው እርሷም ታውቃለች። ሌሎቹም እኔን አይተው ቀሩ።

ግብሩን ለመክፈል ያንኑ አንዱን በሬዋን ቡሬ ገበያ አውጥታ ሸጠችው። ስትመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። «የኔታ፣ እርስዎ እኮ የተናገሩት ሊያከብሩኝ ብለው ነው፤ አይዘኑ» አለችኝ። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ ፊት ቁሜ ስለ እውነት ለማስተማር አፍራለሁ።

፬ኛ፦ ስለዚህ ባለ አራት በሬ መሆኔን በፈቃዴ አስታውቃለሁ፤ እርሷን ይሰርዙ፣ እኔን ይጻፉ። ግብር ጨምሩብኝ ብሎ የሚለምን ሰው ለመሥሪያ ቤትዎ እንግዳ ሊሆን ይችላልና፣ ጸሐፊዎ እንዳይደነግጥ ቀስ ብለው ያንብቡለት።

ሹሙን በውሸት ያስደሰተ፣ ጎረቤቱን በዝምታ የሸጠ፣ ስለ ሁለቱም ይቅርታ የሚለምን ታዛዥዎ፣

መሪጌታ ዓለምብርሃን
ዝግባ አምባ፣ ሐምሌ ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ሳልነግርዎ የቀረ፦ በሬ ስለሌላት ዘንድሮ የእማዋይሽን መሬት በእኩል የማርሰው እኔ ነኝ፤ ሌላ አራሽ አጥታ ራሷ መጥታ ለምናኝ ነው። በመኸር የምርቷ ግማሽ ወደ ጎተራዬ ይገባል። አዲሱ አዋጅ የገበሬውን ገቢ ከፍ ያደርጋል ተብሎ በገበያ ሲነገር ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ የእኔ ገቢ ከፍ ብሏል።