የረቡዕ እሳት

ረቡዕ

"እሳት ነካኝ" ትላለች። ጫማዋን እንኳን አላወለቀችም። እማዬ ከጎረቤታችን ከእትዬ አየለች ቤት፣ ከጾም ጸሎቱ አሁን መመለሷ ነው። ጆሮዋን ትነካለች፣ አንገቷን ትነካለች፣ ክንዷን እያሸች ታሳየኛለች።

"ከዚህ እስከዚህ፣ መሲ። ልክ እንደ ባለፈው ረቡዕ። ቆዳዬ ውስጥ ነደደ። ሁሉም አዩኝ፤ ፊትሽ በርቷል አሉኝ። ዛሬማ ቆሜ መሰከርኩ፤ ከስኳሬ ተፈወስኩ አልኩ።"

እልል ማለት ነበረብኝ።

ጆሮ። አንገት። ክንድ። ያን እሳት አውቀዋለሁ።

"እሰይ እማዬ" አልኳት።

ሐሙስ

ከሥሩ ልጻፈው። ቢያንስ እዚህ አልዋሽ።

ፒያሳ ያለው ቢሯችን ውስጥ ማርታ የምትባል ጎኔ የምትቀመጥ አለች። ከሥራዋ ይልቅ የምትተጋው ቫይታሚን በመሸጥ ነው። ከወር በፊት ፀጉሬን በጣቷ አንሥታ "ሳስቷል፣ የኔ ቆንጆ" አለችኝ። ገዛሁ።

ያደረገኝ ይሄ ነው። ሽንቴን ቢጫ አደረገው፤ የሚያበራ፣ ከሰው የወጣ የማይመስል ቢጫ። ግሳቴ የከረመ እርሾ ይሸታል። ምላሴ ላይ ቀኑን ሙሉ የብረት ጣዕም። አንድ ቀን ቁርስ ሳልበላ ዋጥኩትና ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ፊት እንደቆምኩ ጆሮዬ ነደደ። አንገቴ ቀጠለ። ክንዴን ጉንዳን የወረረው መሰለኝ። ማርታ ሳቀች። "ደምሽ እየጸዳ ነው። ቆሻሻው ሲወጣ ነው የሚያቃጥለው።"

ቆሻሻው! ቀኑን ሙሉ ራሴን ሳሸት ዋልኩ።

ተውኩት። ግን አልጣልኩትም። ብልቃጡ ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበር፤ መጣሉ አሳዘነኝ። ለእማዬ ሰጠኋት። "ለጉልበት ጥሩ ነው" አልኳት። ስለ ጆሮዬ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ለራሴ የቀፈፈኝን ነገር ለእናቴ።

በሌላው ቀን ከቁርስ በኋላ ነው የምትወስደው፤ ምንም አይላትም። ረቡዕ ግን ትጾማለች። በውኃ ብቻ ትውጠዋለች። "መድኃኒት ጾም አያስፈታም" ትላለች።

ዛሬ ጠዋት መሳቢያዋን ከፈትኩ። የስኳር መድኃኒቷ ከባለፈው ሳምንት ረቡዕ ጀምሮ አልተነካም። ቫይታሚኑ ግን ቀንሷል። ልጇ የሰጠቻት ነዋ።

አርብ

በባዶ ሆዴ አንዱን ዋጥኩ። እርግጠኛ ለመሆን። ወይ ለመቀጣት፤ አላውቅም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ብዙ አልቆየም። ጆሮ። አንገት። መስተዋት ውስጥ ያለው ፊት አብጦ፣ ወዝቶ፣ የተቀቀለ ነገር ይመስላል። ጠይም ስለሆንኩ ብዙም አልቀላሁ፤ ግን አብረቀረቅሁ። "ፊትሽ በርቷል አሉኝ።" መስተዋቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

ከዚያ ፋርማሲ ሄድኩ። ባለሙያዋ ብልቃጡን አዙራ አነበበች።

"ናያሲን አለበት፤ ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው። ብዛቱን አየሽው? የደም ሥር ይከፍታል፣ ቆዳ ያቃጥላል። በባዶ ሆድ ይብሳል። ማን ነው የሚወስደው?"

"እናቴ። ስኳር አለባት።"

ብልቃጡን ከእጇ አስቀመጠች። ይህን ያህል ሲሆን ስኳርን ከፍ ሊያደርግ ይችላል አለችኝ። "የራሳቸውን መድኃኒት ግን በትክክል ይወስዳሉ አይደል?"

"አይ፤ ትታዋለች" አልኳት።

"እንግዲያው አትቆዪ፤ ሐኪም ጋር ውሰጃቸው።"

ቤት ስደርስ እማዬ ጣቷን በፈገግታ ዘረጋችልኝ። "ስኳሬን ለኪ፤ አንቺም እንድታምኚ።" ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። "መለኪያው ተበላሽቷል" አለች።

ያኔ እትዬ አየለች ገቡ። ግፊት አለባቸው። "እኔም እኮ መድኃኒቴን ትቼዋለሁ፣ ልጄ" አሉኝ። "ለእናትሽ ያደረገ ለእኔ አይከለክልም።"

ጣቴ ላይ የእማዬ ደም ነበር፤ ከመርፌው የተነካካ። እሳቸው ሲወጡ እናገራለሁ አልኩ። ወጡ። አልተናገርኩም። ፈሪነቴ እንደዚያ ብልቃጥ ይሸታል።

ቅዳሜ

ዓሣ እንግዛ ብዬ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወሰድኳት። ሰው መሃል አትጮኽብኝም ብዬ ነው፤ ይህንንም ልጻፈው።

ዓሣ የሚበልተው ሰውዬ የዓሣውን ሆድ ይሰነጥቃል፣ አንጀቱን አፋቸውን ከፍተው ለሚጠብቁት አባ ኮዳ አሞራዎች ይወረውራል። "እናቴ፣ ለእርስዎማ ወፍራሙን ነው የምመርጥልዎት!" ይላታል። እኔ ደግሞ ጎኗ ቆሜ እናገራለሁ። ረቡዕ፣ ባዶ ሆድ፣ ጆሮ፣ አንገት። የፋርማሲዋ ባለሙያ ያለችውን። ሁሉንም። የዓሣው ሽታ ጉሮሮዬ ውስጥ ይገባል።

ዓሣውን እያየች ሰማችኝ።

"አንቺንም አቃጥሎሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ከዚያ ለእኔ ሰጠሽኝ።"

"አዎ፣ እማዬ።"

ሰውዬው ፌስታሉን ዘረጋ። ተቀበለችው፤ ከሥሩ ውኃና ደም ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል፣ አላየችውም።

"ጌታ የረሳኝ መስሎኝ ነበር እኮ" አለች። ለእኔ ይሁን ለዓሣው አላወቅሁም። "ከዚያ ያ ረቡዕ መጣ።"

ከዚያው ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ተቆጣት፤ እንደ ሕፃን። መድኃኒቷን ዛሬውኑ እንድትጀምር አዘዛት። የተቆጣው እሷን ነው፤ እኔ ከኋላዋ ወንበር ላይ ዓሣውን ታቅፌ ተቀምጫለሁ።

ቤት ገብታ መድኃኒቷን ዋጠች። ዓሣውን ማናችንም አልቀመስንም። ብልቃጡን ሽንት ቤት ደፋሁት። እንክብሎቹ ሲወድቁ ድምፃቸው ያስጠላል።

እሑድ

ጠዋት ለካን፤ ሁለት መቶ ስልሳ። ወርዷል። ይበቃል ማለት ግን አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን "ምስክርነት ያለው" ሲባል እማዬ ተነሣች። ቀሚሷን ያዝኩ። አስለቀቀችኝ።

"ረቡዕ ዕለት እሳት ነካኝ ብዬ ነበር" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው። "እንክብል ነው። ቫይታሚን ነው፤ በባዶ ሆድ ሲዋጥ ያቃጥላል። አላወቅሁም። ስኳሬ አልለቀቀኝም። በእኔ ምክንያት መድኃኒት የተዋችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ዛሬውኑ ውሰዱ።"

ማን እንደሰጣት አልተናገረችም። ትናገራለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ባለመናገሯ ደስ አለኝ፤ ደስ ባለኝ ደግሞ ራሴን ጠላሁት።

ከኋላ አንድ ሰው ከልማድ ብቻውን "አሜን" አለ። አንዲት ሴት ሳቋን በመሐረብ ሸፈነች። እትዬ አየለች አንገታቸውን ደፍተው ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ሲፈልጉ ሲፈልጉ ቆይተው የመድኃኒታቸውን እሽግ አወጡ። መዋጡን ቢተዉም አልጣሉትም ኖሯል፤ ይዘውት ነው የሚዞሩት።

ስንመለስ ባጃጅ አልፈለገችም። ቀስ እያልን በእግር ሄድን። ቤታችን ሊታይ ሲል ቆመች። እጄን ወስዳ ጉንጯ ላይ አስቀመጠችው። ይነዳል። ጆሮዋም። አንገቷም።

"ሰው ፊት ከቆምኩ ጀምሮ አልበረደልኝም። ይሄኛውስ ከየትኛው እንክብል ነው፣ መሲ?"

እጄን ላነሣ ስል አጥብቃ ያዘችው።