የማያልበው ቆዳ

ግንቦት 4፣ 1989፣ ሰኞ። ቀን 7 ሰዓት

የግራው ጉንጭ ዛሬም አልገጠመም። ከጆሮ ሥር ስፌቱ ይታያል፤ ሰውየው የሌላ ሰው ፊት ያጠለቀ መስሏል። መ/ቤቱ ለቀትር ዕረፍት ዝግ ነው። እስከ 10 ሰዓት ኮምፒዩተሩም ስካነሩም የኔ። አለቃዬ ፈቅዷል፤ ቬንቲላቶሩን ግን አታብዢ ብሏል። ባበዛውስ? ሙቁን አየር ከግድግዳ ግድግዳ ከማመላለስ ሌላ ምን ያውቃል።

ላንቺ ላስረዳሽ ደብተሬ፤ እናቴ እንደሆነች አልገባትም። የአጎቴ ልጅ ያሲን ሮም ነው። ለፊልም የሚሆን ሰው በኮምፒዩተር ከሚያበጁ ጋር ይሠራል። ቅርጹ የእነሱ፣ ቆዳው የኔ። እውነተኛ ሰው በፎቶ ይነሳል፣ ቆዳው እንደ ተወጠረ የበግ ቆዳ ጠፍጣፋ ይዘረጋል፣ ከዚያ ቅርጹ ላይ ይጠቀለላል። ያሲን «የቆዳ ካርታ» ይለዋል። አንዱ የቀለም ነው፤ ሌላው ግራጫ፣ ነጩ ጉብታ ጥቁሩ ጎድጓዳ። ሽብሽቡ፣ ጠባሳው፣ የፂሙ ሥር ሁሉ ይገባል። ጥላና ብልጭታ ግን ክልክል፤ ብርሃኑን እነሱ ናቸው የሚያበሩት።

ይህን ለአሰብ ንገሪልኝ። እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የማያብረቀርቅ ሰው አለ?

ቆዳው የእንድሪስ ነው። እጮኛዬ፤ የኮምቦልቻ ልጅ፣ የተሳቢ ሾፌር። ያሲን ፀሐይ የጠበሰው ሰው ፈልጊ ቢለኝ ሩቅ አልሄድኩም። ሳነሳው እናቴ መስበሐዋን እየቆጠረች መሃላችን ተቀምጣ ነበር። ኒካው በሰኔ ነው፤ እስከዚያ ካሜራም አይታመንም።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ። ቀን 8 ሰዓት

ተገኘ! ከእንድሪስ ፎቶ ላይ ንጹህ ቦታ፤ የግራ ክንዱ ላይ፣ ከክርኑ ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ። ብልጭታ የለው፣ ፀጉር የለው። ትንሽ ገርጣ ይላል፤ እሱን በቀለም አስተካከልኩት። ፕሮግራሙ ከአንድ ቦታ ቆዳ ቀድቶ ሌላ ቦታ የሚመታ ማኅተም አለው። ከዚያች መዳፍ እየቀዳሁ ክንዱን ሞላሁት። ትከሻውን፣ አንገቱንም። ላቡ ሁሉ ጠፋ። ስንት ቀን ያስለቀሰኝ ክንድ በአንድ ቀትር አለቀ።

ፋይሉን በዲስኬት ቆራርጬ ዛሬውኑ ወደ አስመራ ለሚበር ሰው ሰጠሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎበዝ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ጻፊልኝ፣ ነገ ይጠፋኛል።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ። ማታ 1 ሰዓት

ያሲን ደወለ። አለቃው እሳት ላይ የተቀመጠ አገር ሆናችሁ እንዴት እንዲህ ያለ ክንድ አነሳችሁ ብሎ ጠየቀ አሉ። እግሩንም በዚሁ ጥራት ይፈልጋሉ። ክንዱም ሌላ ቅጂ ይጨመር።

እንድሪስ ትናንት ከመንገድ ገብቷል። ዛሬ ቤት መጣ፤ እናቴም ቦታዋ ላይ። የፎቶውን መብራት ጠጋ አድርግልኝ ስለው በክንዱ ገፋው። የመብራቱ ቆርቆሮ የጋለ ነው፣ እኔ በጨርቅ ነው የምይዘው። ጮህኩ። እሱ ሳቀ። ይህ ክንድ ዕድሜውን ሙሉ ከጋቢናው መስኮት ውጭ የኖረ ነው፣ ፀሐይ ጠብሳው ጠብሳው ማማረር ትቷል አለ። ሚሌ ላይ ትኩስ የሻይ ብርጭቆ ለጥፎበት ከሾፌሮች ጋር ይወራረዳል፤ ሁልጊዜ እሱ ይረታል። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም።

ቆርቆሮው ያረፈበት ግን ቀልቷል። ወዲያው ውሃ ቋጠረ። እጅጌውን አውርዶ ምሳውን በላ።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ። ቀን 8 ሰዓት

ፎቶ ቤቱ ፊልሙን አጥቦ ሰጠኝ። ስካነር ላይ አስቀመጥኩ። ከማንሳቴ በፊት ክንዱን እንዲያደርቅ ፎጣ አቀብዬው ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ እስካነሳ ላቡ እንደ ዶቃ ተደርድሯል። ያቺ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ጠብታ የለም። ቆርቆሮው ውሃ ካስቋጠራት ጫፏ በቀር ድርቅ ያለች፣ ዳርቻዋ የተሠመረ።

መጋቢት ላይ ያነሳሁትን ጎን ለጎን አደረግሁ። ያኔ ታንሳለች።

አጎላሁት። ፀጉር የለም ያልኩት እውነት ነው፤ ሥሩም የለም። በግራጫው ካርታ ዳርቻዋ ነጭ ክር ሆኖ ይወጣል። ጉብታ ነው ማለት ነው።

ሰው እንዴት አሰብ ላይ አያልበውም?

ቬንቲላቶሩን አጠፋሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቃሉ መጥቶልኛል፣ አልጽፈውም።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ቁምጥና። ይኸው፣ ጻፍኩት። አሁን ሁለታችንም አወቅን ደብተሬ።

ላይሆን ይችላል። የፀሐይ ነው። የናፍጣ ነው። ጭርት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ግንቦት 15፣ ዓርብ። ከሰዓት

ዘሃራ ጋ ሄድኩ፤ የሆስፒታል ነርስ ናት፣ አብረን ነው የተማርነው። «አንድ ሰው» ብዬ ጀመርኩ። ማነው አላለችኝም። የገረጣ፣ ደረቅ፣ ስሜት የሌለው ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይታይ አለች። ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። ከሆነም ዛሬ ኪኒን አለው፣ በነጻ ነው፣ ለወራት ይዋጣል፣ ይድናል። ከጀመረ በኋላ ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ከዘገየ ጣት ይሄዳል፣ የሄደ ጣት ደግሞ አይመለስም። እንደ ጉንፋን ነው ያወራችልኝ። አለቀስኩ።

ልወጣ ስል እጄን ይዛ፣ አንቺስ አለች፤ ለሰውየው ቅርብ የሆነም ይመረመራል።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በመስታወት ራሴን አገላብጬ አየሁ። ክንዴን፣ ጀርባዬን፣ የደረስኩበትን ሁሉ በስፒል ነካካሁ። ሁሉም ያማል። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ ወዲያው አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ እጄን ታጠብኩ። ቅዳሜ ፎጣውን ያቀበልኩበትን እጅ። የምወደውን ሰው ከስድስት ቀን በኋላ ከእጄ ላይ ታጠብኩት። ይህን ላንቺ እንጂ ለማንም አልናገርም።

ብናገር ባለመኪናው ቁልፉን ይቀበለዋል። እናቴ ኒካውን ታፈርሳለች፤ ጎረቤት ውሃ የጠጣበትን ብርጭቆ ይሰብራል። ዝም ብል ሰኔ ይመጣል፣ እዳራለሁ፣ ማንም አያውቅም። ጣቱ እስኪሄድ።

ግንቦት 18፣ ሰኞ። ቀን 7 ሰዓት

የላክሁትን ክንድ ከፈትኩ። ያቺን መዳፍ በማኅተም እየመታሁ ትከሻ አድርሻታለሁ። አንገቱ ላይ አለች። ሮም ያለው ሰውዬ ሁለመናው እሷ ናት፤ ያስመሰገነኝም ይኸው ነው። አስጠላኝ። ከሥራው ይልቅ ያስጠላኝ ራሴ ነኝ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ አፍጥጬ እያየሁ «ንጹህ ቦታ» እያልኩ ስቀዳ።

እየነቀልኩ አወጣኋት። ከሥሯ የድሮው ቆዳ መጣ፤ ላብ፣ ፀጉር፣ ብልጭታ። ጤነኛ ቆዳ እንደዚህ ያማረ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ያሲን ደወለ፣ ሌላ አልልክም፣ የበፊቱ ስህተት አለው አልኩት። ተቆጣ። ማንም አያየውም አለ። እውነቱን ነው።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ። ቀን 9 ሰዓት



እንድሪስ ጠዋት ገባ። በቀትር መ/ቤት ና አልኩት። በሩን ለወሬኛ ስል ክፍት አደረግሁ። ፎቶዎቹን አላሳየሁትም፤ ልቤ እምቢ አለኝ። ጨዋታ ነው፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ክንድህን ስነካህ ንገረኝ አልኩት። እየሳቀ ጨፈነ። በስፒል ክርኑን ነካሁ። አዎ አለ። አንጓውን፤ አዎ። ከዚያ ያቺ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ሄድኩ። አንዴ። ሁለቴ። ጠንከር አደረግሁ። ደም ጠብ አለች።

«በይ እንጂ፣ መቼ ነው የምትቀጥይው?» አለኝ።

ስፒሉን ሳስቀምጥ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ደሙን አየ፣ ከዚያ እኔን። ሁሉንም ነገርኩት፤ ዘሃራን፣ ኪኒኑን፣ ይድናል የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። እጅጌውን አወረደና በዚያ ሙቀት እስከ አንጓው ቆለፈው። እናትሽ ታውቃለች ወይ አለ። አታውቅም አልኩት። በእኛ ቀዬ አንድ ሰው ነበር፣ ልጆቹ እንኳ ከሩቅ ነበር ምግብ የሚያስቀምጡለት አለ። ከዚያ ወለሉን እያየ፣ ኒካውን እኔ አፈረስኩት በይ፣ ሾፌር ነው፣ ሚሌ ሌላ ሴት አለችው በይ፣ ያምኑሻል። ሐኪም ቤት ብቻዬን እሄዳለሁ፣ እንዳትመጪ አለኝ።

ዘሃራ ነገ ጠዋት ትጠብቅሃለች አልኩ። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሲወጣ እጁን አልሰጠኝም። እኔም አልዘረጋሁም። ለምን አልዘረጋሁም?

ግንቦት 21፣ ሐሙስ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ተኝቻለሁ አልልሽም። ፖርቶ፣ ወደቡ በር፣ ሄጄ አየሁ፤ መኪናው ቆሟል፣ አልሸሸም። ረዳቱ ሽርጥ ለብሶ ጎማ ይደበድባል። ጋሼ ታጥቦ ወጣ አለኝ።

አትምጪ ብሎኛል። እሄዳለሁ። ፈርቻለሁ፣ ትናንትም ዛሬም ፈርቻለሁ፤ ፍርሃቱ እስኪያልቅ ብጠብቅ ግን ሰኔም ያልፋል፣ እሱም ያልፋል።

ተመልሼ ደግሜ ልወጣ ጫማዬን ሳስር እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ በጠዋት ወዴት ነው አለችኝ። የሚሌዋ ሴት ምላሴ ላይ ነበረች። ዋጥኳት። እውነቱን ነገርኳት፤ ቃሉን ጨምሬ። ቁጭ አለች። መስበሐዋ ቆሟል። ልትረግመኝም ትችላለች፣ ልትከተለኝም ትችላለች፤ ቆሜ አልጠብቅም።

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል በ2 ሰዓት ይከፈታል። ቅርብ የሆነም ይመረመራል ተብሏል። ከሱ ስም ቀጥሎ የኔን አስጽፋለሁ። ምኑ ነሽ ካሉኝ፣ ሚስቱ እላለሁ።