ጭስ ማውጫው ላይ የቀረ ናይለን

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

አልለቀቀም። በሳሙና ሞከርኩ፣ በነጭ ጋዝ ሞከርኩ፣ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አምጥቼ ፈተግኩት። አሸዋው የሞተሩን ጭስ ማውጫ ጫረው እንጂ ቀዩ ናይለን ንክች አላለም።

እሑድ ጎረቤታችን ሀሊማ ምጥ ያዛት። ባሏ ሹፌር ነው፤ ጭነት ይዞ ወጥቷል። ጋሪ ቢፈለግ ጠፋ። ምን ላድርግ? መልእክት በማደርስበት በመሥሪያ ቤቴ ሞተር ከሰፈራችን ከመጋላ ሆስፒታል ድረስ አደረስኳት፤ እናቷ መርየም ከኋላ ተቀምጣ ደግፋ ይዛታለች። ሦስት ሰው በአንድ ሞተር! የሀሊማ ቀሚስ ጫፍ ጭስ ማውጫው ላይ ቀልጦ ተለጠፈ። እሷ ወንድ ልጅ ታቀፈች፣ እኔ እድፍ ታቀፍኩ።

በመልእክተኛ ሞተር ሰው መጫን ክልክል ነው። ቅዳሜ ደግሞ ንብረት ተቆጣጣሪ ይመጣል። «የመንግሥት ንብረት ለግል ጥቅም» ከተባልኩ፣ መባረር ብቻ ከሆነ ዕድለኛ ነኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

አንድ መካኒክ «ብረቱ ካልጋለ ናይለን አይለቅም» አለኝ። ሞተሩን አስነስቼ እንዳላግለው ቤንዚን በኩፖን ነው፤ የእሑዱ ጉድለት ራሱ ይበቃኛል።

የባለቤቴን የጸሐይን የከሰል ካውያ አነሳሁ። ጭስ ማውጫውን እንደ ሸሚዝ ተኮስኩት! ናይለኑ ለሰለሰ፤ በእንጨት ስፍቀው ተነሣ። ከደስታዬ ብዛት ካውያውን ሳላየው ቦታው መለስኩት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ጉድ ፈላ። ጸሐይ ለስብሰባ የምለብሰውን ካኪ ስትተኩስ ጉልበቱ ላይ ቀይ መስመር ወጣ። ናይለኑ ከጭስ ማውጫው ወደ ካውያው፣ ከካውያው ወደ ሱሪዬ ተዛውሯል።

«አቦ! ሰው ልብስ ይተኩሳል፣ አንተ ሞተር?» ብላ ጮኸችብኝ። ስትዞር ግን ስትስቅ አየኋት። ከዚያ ሎሚና አመድ ይዛ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ጭስ ማውጫው ላይ የቀረው እድፍ በእሷ እጅ ጠፋ።

አሁን ሌላ ጣጣ። የታሸው ቦታ መስታወት ሆነ፣ ሌላው ቡናማ እንደሆነ ቀረ። ከእድፉ ይልቅ ንጣቱ ሊያሳብቅብኝ ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ሙሉውን አሸሁት፣ ከሞተሩ ሥር እስከ ጫፉ። ሎሚው ጣቶቼን አቃጠላቸው። ሞተሩ አጠገብ በሙቀት የመጣው ሰማያዊ ቀለም አልለቅ አለ፤ እሱ ይቅር።

ፈርቻለሁ። ለጸሐይ አልነገርኳትም፣ ግን ታውቃለች። እራቷን አልበላችም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ተቆጣጣሪው አጭር፣ መነጽር ያደረገ፣ ላቡ የሚንቆረቆር ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ጭስ ማውጫውን በጣቱ ዳሰሰ። «እንዲህ የተያዘ ንብረት አላየሁም» ብሎ ሌሎቹ መልእክተኞች ከእኔ እንዲማሩ ነገራቸው። ተነፈስኩ።

ወዲያው መርየም በሳህን ተምር ይዛ በመሥሪያ ቤቱ በር ገባች።

«ልጄ፣ አላህ ይስጥህ! ያ ሞተር ባይኖር ወላሂ ልጄም የለች፣ የልጅ ልጄም የለ። ነገ ሰባት ቀን ይሞላዋል፣ ስም እናወጣለን። አንተ ካልመጣህ ስም የለም!»

ተቆጣጣሪው «የቱ ሞተር?» አለ።

«ይሄ ነዋ! ቀሚሷ እዚህ ጋ ነው የተቃጠለ። ማሻአላህ፣ እንዴት አጽድተኸዋል!»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። በእሷ ግን መናደድ አልቻልኩም፤ ደስታዋን ይዛ ነው የመጣችው።

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ልጁ ደህና ነው?» አላት።

«አልሀምዱሊላህ፣ እናቱን ጠብቶ አይጠግብም።»

አንድ ተምር አንሥቶ በላ። ከዚያ የሞተሩ መዝገብ ላይ ጻፈ፤ ብዙ የጻፈ መሰለኝ። ሲሄድ መዝገቡን ከፈትኩ። «ጭስ ማውጫው ልብስ ያቃጥላል። በአስቸኳይ መከለያ ይደረግለት» ይላል። ገጹን ሁለቴ ገለበጥኩ፣ ሌላ ነገር የለም።

የበላይ መሥሪያ ቤት ሄዶ በአፉ ምን እንደሚል አላውቅም። ነገ ግን ስም ማውጣቱ ላይ እገኛለሁ። በእግሬ።