ለወ/ሮ አለሚቱ ያልነገርኩት

ጥቅምት ፯ ቀን ፲፱፻፴፩፣ ሰኞ

ዛሬም የቆዳ ሕሙማን ቀን። ጣሊያኑ ሐኪም ያያል፣ እኔ አስተረጉማለሁ፣ መዝገቡ ላይ «ደግ» ወይም «ክፉ» ብዬ እጽፋለሁ። አንዱ ከደብረ ኤልያስ፣ አንገቱ ላይ እባጭ። ለነፍስ አባቱ ተናዞ ነው የመጣው። ስብ ነው ተባለ። ደግ። እየሳቀም እያለቀሰም ወጣ። አንዲት ልጅ፣ ጆሮዋ የተበሳበት አብጦ። ደግ።

ቀጥሎ ወ/ሮ አለሚቱ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ካለችው ከሮብ ገበያ መንደር፣ ብቻቸውን። ውስጥ እግራቸው ላይ ጥቁር ቁስል። እሾህ ነው ይላሉ፣ እየሳቁ። አዋቂ በጋለ ብረት ተኩሷቸዋል፣ አልዳነም። ሐኪሙ ብሽሽታቸውን ዳሰሰና እጁን ታጠበ። ነቀርሳ ነው፤ ገና አልተሰራጨም፤ በዚህ ሳምንት እግራቸው ይቆረጥ፣ አለዚያ ይሞታሉ፣ ንገራቸው አለኝ።

አልነገርኩም። ደብተሬ፣ ምን ላድርግ? በእኛ አገር ክፉ ወሬ ለብቸኛ ሰው አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ይህን ቅባት ይቀቡ፣ በሳምንት ከልጅዎ ጋር ይምጡ አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ለሐኪሙ፣ አሻፈረኝ ብለዋል አልኩት።

ጥቅምት ፳፩

አልመጡም። በሮብ ገበያ በኩል ተኩስ አለ፣ መንገዱ ተዘግቷል። ልጃቸው ዱር ቤቴ ካለ ቆይቷል አሉ። ይህን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ዛሬ አንድ የሉማሜ ገበሬ፣ ያው ጥቁር ቁስል፣ ያው ውስጥ እግር። ሐኪሙ አፍ አፌን ሲያየኝ ሳልወድ ለሰውየው እቅጩን ነገርኩት። ባንዳ ብሎ ሰደበኝ። ግን እሺ አለ፤ ነገ እግሩ ይቆረጣል።

ኅዳር ፳

የሉማሜው ሰው በምርኩዝ ግቢውን ዞረ። አሁንም አያናግረኝም። ወጡ ጨው አነሰው ብሎ ተጣላ። ደስ አለኝ። ከዚያ ወ/ሮ አለሚቱ ትዝ አሉኝና ደስታዬ ጠፋ። ወደዚያ የሚላክ ሰው ታጣ። እኔ ራሴስ? ፈራሁ። ለጣሊያን የሚሠራ ሰው ጮቄ ሥር በአርበኞች እጅ ምን እንደሚገጥመው አውቃለሁ።

ጥር ፲፮፣ ከቀኑ ፭ ሰዓት

መጡ። ልጃቸውና ሦስት ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመዋቸው። ብሽሽታቸው ላይ እንቁላል የሚያህል እባጭ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ለምን እንቢ እንዳሉ ጠይቅልኝ አለ። እኔ ለምን ዘገዩ ብዬ ጠየቅሁ።

«ኧረ ልጄ፣ ከልጅዎ ጋር ይምጡ ብለኸኝ የለ? እሱን ከዱር አስፈልጌ እስካገኘው ነው» አሉ። ስለ መዘግየታቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። ደብተሬ፣ እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ!

ለሐኪሙ፣ ፈርተው ነው ብዬ ተረጎምኩ።

ጥር ፲፯፣ ጠዋት

ለሐኪሙ እውነቱን ነገርኩት። አልጮኸብኝም። ብዕሩን አስቀምጦ ወጣ።

እውነቱን ሳይሰሙ የቀሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ልጅም አለ፣ ጎረቤትም አለ። ወጉ ሞልቷል፣ እግሩን የመቁረጫው ጊዜ ግን አልፏል። ልጃቸው አልጋቸው ሥር ተቀምጧል። ቢገድለኝም አልፈርድበትም። ሽማግሌ አልልክም። ቁስሉ ምን እንደሆነና ማን እንደደበቀባቸው በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ። እየጠሩኝ ነው። ልጄ፣ ውሃ አቀብለኝ ይላሉ። ውሃውን ሰጥቼ፣ ከዚያ…