ማንጋይ ከፊት የቆመች ዕለት

ኩምባኮናም፣ ከፖንጋል በዓል ማግሥት፣ 1989

ለተከበሩት ለማንጋይ አባት፣

ሰላምታዬ ሙስካት ካሉበት ይድረስዎ። እናትዎ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ካለፈው ሳምንት ዓርብ ጀምሮ ክው ብዬ እንደቀረሁ ነኝ። እባክዎ ይህን ደብዳቤ ቆመው አያንብቡት።

በመጨረሻው ደብዳቤዎ፣ «ልጄ ስልክ ይዛ የማታናግረኝ አንቺ አሳምፀሽብኝ ነው። ይቅርታ ካልጠየቀችኝ ሁለተኛ አልደውልም፣ ለአዲሱ ዓመትም አልመጣም» ብለውኛል። አንብቤ ደሜ ፈልቶ ነበር። ልመልስልዎ ያሰብኩትን ቢያውቁት እውነትም እዚያው በረሃ ይቀሩ ነበር። አሁን ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ዳንሱን የፈቀዱላት እያጉረመረሙ ነው። ግን ቢያዩዋት! ጉልበቷን ግራና ቀኝ ከፍታ ከወገቧ ዝቅ ትልና በባዶ እግሯ ወለሉን ጠፍ ጠፍ ታደርገዋለች። መምህርት ራጃምባልን ያውቋቸዋል፤ ምስጋና ከአፋቸው አይወጣም። መሬት ተቀምጠው ከፊታቸው ያለችውን የምት ማውጫ እንጨት በዱላ እየመቱ «ታይ ያ ታይ!» ሲሉ ልጆቹ በምቱ ይረግጣሉ። ሌሎቹን «በረሮ ነው እንዴ የምትገድሉት?» እያሉ ሲሳደቡ የኛዋን ዝም ይሏታል። ከኋላ ረድፍ ሆና ምት ስታ አታውቅማ። ዓርብ ዕለት፣ «አንቺ ዝምተኛዋ፣ ነይ ከፊት ቁሚ!» አሏት። እኔ ከእናቶች ጋር በሩ አጠገብ ጃስሚን በክር እየሰካሁ ነበር። ኩራቴ እንዳይታወቅብኝ አቀረቀርኩ።

ማንጋይ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ፣ ልትረግጣት ነውና፣ መሬትን በእጇ ነክታ ይቅርታ ጠየቀች። ዱላው ጀመረ። እሷ ግን ዞራ ወደ ኋላ አየች።

«ከኋላሽ ምን አለ? ሙሽራው መጣ?» አሉ መምህርቷ። ልጆቹ ሳቁ።

እንደገና ሲጀመር እንደገና ዞረች። «ወደ ፊት እዪ አልኩሽ እኮ!» ብለው አገጯን ይዘው አቀኑት። ተመልሰው ሲመቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ረገጠች። ቀጥሎ ዱላው ቆመ። ልጆቹ ሁሉ ቆሙ። የኔ ልጅ ብቻ መርገጧን ቀጠለች።

የመምህርቷ ፊት ተለወጠ። ቀስ ብለው ተነሥተው ከጀርባዋ ሄዱና ከጆሮዋ ሥር አጨበጨቡ። በር ላይ ያለነው እንኳ ደነገጥን። እሷ ንቅንቅ አላለችም። «ማንጋይ!» ብዬ ጮህኩ፤ ድምፁ ከየት እንደወጣኝ እንጃ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ከእሷ በቀር። አበባው ከእጄ ወደቀ።

የማንጋይ አባት፣ ልጃችን አትሰማም።

ታንጃቩር ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። በክረምቱ ይዟት የነበረው ትኩሳት ያመጣው ነው አሉኝ። አንዱ ጆሮዋ ጨርሶ ሄዷል፣ ሌላውም እየሄደ ነው። ለካ እቤት ከንፈራችንን፣ ዳንሱ ላይ ደግሞ ከፊቷ ያሉትን ልጆች እግር እያየች ነው የከረመችው። አብሬያት እየበላሁ፣ ፀጉሯን እየጎነጎንኩ! ስጠራት ዝም ስትለኝ «ኩራቷ የአባቷ ነው» እል ነበር። እስካሁን ማመን አቅቶኛል።

እናትዎ «ዳንሱ ይቅርባት፤ የማትሰማ ልጅ በምን ትጨፍራለች?» አሉ። እኔም እውነታቸውን ነው ብዬ ላስወጣት ሄድኩ።

«ማን አስወጪ አለሽ?» ብለው ጮኹብኝ መምህርት ራጃምባል። «ጆሮዋ እንጂ እግሯ ታመመ?»

ሰፊ ጣውላ አስመጥተው መሬት ላይ አነጠፉ። የሚመቷትን እንጨት ከጣውላው ጫፍ አኖሩ፤ ልጅቷን በባዶ እግሯ እላዩ ላይ አቁመው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞሩ። መቱ። ማንጋይ ደንግጣ እግሯን ተመለከተች። ደግመው መቱ። «ታይ ያ ታይ» ብላ ረገጠች፣ ማንንም ሳታይ። ዱላው ሲቆም ቆመች። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አሁን እርስዎ ጓዳውን ሲያሠሩ ያስነቀሉትን አሮጌ በር መግቢያው ላይ አንጥፌላታለሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያ ላይ ትለማመዳለች፤ የምመታላት እኔ ነኝ። መምህርቷ ቢያዩኝ በዱላው እኔን ይመቱኝ ነበር።

ይህን ስጽፍ መጥታ «ለማን ነው?» አለችኝ። ለአባትሽ አልኳት።

«አባዬ ለምንድን ነው የተቆጣኝ?»

«ማን ተቆጣሽ አለ?»

«ሱቅ ሄደን ስልኩን ስትሰጪኝ አያወራኝም እኮ። ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም ይላል።»

ለዚህ የሚመልሱት እርስዎ ነዎት፤ በደብዳቤ ሳይሆን መጥተው። ሐኪሙም የቀረው ጆሮ ሳይሄድ ማድራስ ትታይ ብለዋል፤ ብቻዬን አልችለውም።

አምላካችን ሙሩጋን መንገድዎን ያቅናልን። ሲደርሱ ግን ከደጅ ሆነው ስሟን አይጥሩ። አትዞርም፤ ያን ጊዜ ፊትዎን ማየት አልችልም። ጫማዎን አውልቀው በቀስታ ይግቡ፣ አሮጌው በር ላይ ይቁሙ። መጀመሪያ ጎንበስ ብለው በእጅዎ ይንኩት፤ ይቅርታ መጠየቅ ደንቡ ነው። ከዚያ ይርገጡት። ትዞራለች።

የማንጋይ እናት፣
ቲላካቫቲ